ፔስታሎዚና የሥራ ጓደኞቹ

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አዛዦችና ስለ ሳይንስ ሊቃውንት ነው። እኔ ግን ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የመረጥኩት የአንድ አስተማሪን ታሪክ ነው። ይኸውም የስዊስ አገር ተወላጅ የነበረው ዮሐን ሃይንሪኽ ፔስታሎዚ ነው። ስለ ማስተማር ዘዴው ብዙ ተጽፏል። እኔ ታሪኩን የምተርከው በተለይ የሥራ ጓደኞቹ እንዴት እንዳነሡት፥ በኋላም እንዴት እንደ ጣሉት ለማሳየት ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ ቀድሞ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፥ አንድ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። እሳቸው ጧት ደወል ሳይደወል እየመጡ፥ በሒሳብ የደከምነውን ልጆች ከግቢው ዋርካ ሥር ሰብስበው ያስተምሩን ነበር። ክፍልፋይ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ በዚያ ዛፍ ሥር፥ እሳቸው አንዲት ዳቦ ለአራትና ለስምንት እየቆረሱ ሲያሳዩኝ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ዳቦውን ተካፍለን እንበላው ነበር። ባልደረቦቻቸው ግን በአጠገባችን ሲያልፉ ይሥቁ ነበር። ሹመት ፈልገው ነው፥ ዲሬክተሩ እንዲያያቸው ነው እየተባለ ይወራ ነበር። እኛም ተማሪዎቹ ሣቁን ሰምተን አብረን የሣቅንበት ቀን አለ። ዓመቱ ሳያልቅ እሳቸው ማስተማሩን ትተው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ከዋርካው ሥር የቆመ አስተማሪ አላየሁም። በዚህ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የፔስታሎዚን ታሪክ ሳነብ ያ ዋርካ ደጋግሞ ትዝ አለኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፔስታሎዚ በ1746 ዓ. ም. በጥር ወር በዙሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ነገር ግን ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው በ1751 ሞተ። እናቱ በጥቂት ገንዘብ ልጆችዋን ማሳደግ ግድ ሆነባት። በዚህ ጊዜ ባበሊ የምትባል የቤት ሠራተኛ ለሟቹ ቤተ ሰቡን ጥላ እንዳትሄድ ቃል ገብታ ነበርና፥ ቃልዋን ጠብቃ ከቤቱ ሳትወጣ ኖረች። እንግዲህ ፔስታሎዚ ገና በልጅነቱ ያየው የመጀመሪያው ትምህርት፥ ሰው የሌላውን ሸክም አብሮ መሸከም እንደሚችል ነው። አያቱ ከዙሪክ አጠገብ ባለች ሆንግ በምትባል መንደር ቄስ ነበሩ። ልጁ እሳቸውን ሊጠይቅ እየሄደ የገጠሩን ድኻ ኑሮ በዓይኑ አየ።

አድጎም በ1769 አና ሹልትሄስ የምትባለውን የነጋዴ ልጅ አገባ። አና በዕድሜ ትበልጠው ነበር። ወላጆችዋ ጋብቻውን አልወደዱትም፤ እርስዋ ግን እስከ ዕለተ ሞትዋ አልተለየችውም፥ ከወላጆችዋ ያገኘችውንም ሀብት ለሥራው አዋለችው። ሁለቱም በአርጋው ግዛት ቢር በምትባል መንደር አጠገብ መሬት ገዝተው ቤት ሠሩ፤ ስሙንም ኖይሆፍ አሉት። ፔስታሎዚ ለልብስ ማቅለሚያ የሚሆን ተክል ሊያለማ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እርሻው ሲከስር ደግሞ በ1774 ድኻ አደግ ልጆችን ሰብስቦ በቤቱ ያኖራቸው ጀመር። ልጆቹ ጥጥ እየፈተሉና እየሸመኑ ንባብና ቁጥር ይማሩ ነበር። ሐሳቡ ድኻ ልጅ በገዛ እጁ ሥራ ራሱን ችሎ እንዲማር ነበር። ዳሩ ግን የፈትሉ ገቢ ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም፤ በ1780 ቤቱ ተዘጋ። ፔስታሎዚም ዕዳ ብቻ ይዞ ቀረ፤ የመንደሩም ሰው መሣቂያ አደረገው።

በዚህ የጭንቅ ጊዜ ያልሣቁበት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የባዝል ከተማ ተወላጅ የሆነው ኢዛክ ኢዘሊን ነው። ኢዘሊን እንዲጽፍ አበረታታው፤ የጻፈውንም እንዲታተም ረዳው። እንዲህ ሆኖ በ1781 ሊንሃርትና ጌርትሩድ የተባለው ልብ ወለድ ወጣ። መጽሐፉ አንዲት ድኻ የመንደር እናት ልጆችዋን እያስተማረች ቤትዋንና መንደርዋን እንዴት እንዳቃናች የሚያወራ ነው፤ በዚህም የፔስታሎዚ ስም በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ሁሉ ታወቀ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ መጻፍ ለእርሱ ማስተማር አልነበረም። ልቡ የሚመኘው ልጆችን ነበር፤ ልጆችን ለማግኘትም 18 ዓመት ያህል ጠበቀ።

በ1798 የፈረንሳይ ጦር ስዊስ ገባ፤ አዲስም መንግሥት ተቋቋመ። የኒድቫልደን ሰዎች ለአዲሱ ሕግ አንምልም ስላሉ በመስከረም ወር ጦር ተላከባቸው፤ ብዙ ሰው አለቀ፥ ብዙ ቤት ተቃጠለ። በሽታንስ ከተማ አባትና እናት የሌላቸው ልጆች በመንገድ ተበተኑ። መንግሥቱም ፔስታሎዚን ልጆቹን እንዲሰበስብ ላከው። በጥር 1799 በአንድ የሴቶች ገዳም ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። ቁጥራቸው እስከ 80 የሚደርስ ልጆች መጡለት፤ እከክ የወረሳቸው፥ ቅማል የበላቸው፥ በፍርሃት የደነገጡ ልጆች ነበሩ። ከአንዲት የቤት ሠራተኛ በቀር ረዳት አልነበረውም። ራሱ ያጥባቸው፥ ራሱ ያስተምራቸው፥ ከእነርሱ ጋር ይበላና ከእነርሱ ጋር ይተኛ ነበር። ረዳት ቢመጣም እንኳ ሐሳቡን የሚያውቅለት ሰው የሚገኝ አልመሰለውም። ልጆቹ በጥቂት ወር ውስጥ ተለወጡ፤ እርሱ ግን ደከመ፥ ደምም ያስለው ጀመር። በሰኔ ወር ሕንፃው ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል እንዲሆን ተፈለገና ልጆቹ አብዛኞቹ ተሰናበቱ። የአንድ ሰው ፍቅር ተአምር ሊሠራ እንደሚችል ሽታንስ አሳየ፤ የአንድ ሰው ጉልበት ግን የት ድረስ እንደሆነም አሳየ።

ፔስታሎዚ ትንሽ ካገገመ በኋላ በዚያው ዓመት በቡርግዶርፍ ከተማ እንዲያስተምር ተፈቀደለት። የተመደበበት ትምህርት ቤት የድኾች ሠፈር ትምህርት ቤት ሲሆን፥ አስተማሪው ጫማ ሰፊ ነበር፤ ትምህርቱንና ስፌቱን ጎን ለጎን ያካሂድ ነበር። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን ተካፍለው ማስተማር ጀመሩ። ጫማ ሰፊው ይህ እንግዳ እንጀራዬን ሊወስድብኝ ነው ብሎ ፈራ። ወላጆቹንም አነሣሣ፤ እነርሱም አዲሱን ነገር በልጆቻችን ላይ አይሞክርብን ብለው አመለከቱ። ፔስታሎዚም ከዚያ ወጥቶ አንዲት ሴት ወደምታስተዳድረው የሕፃናት ትምህርት ቤት ተዛወረ። መጽሐፍ የጻፈ፥ በብዙ አገር የታወቀ ሰው ሆኖ ሳለ፥ ከዚህም ደግሞ እንዳያባርሩኝ እያለ በትሕትና ፊደል ያስቆጥር ነበር።

ይህን ሳነብ በጫማ ሰፊው መጀመሪያ ተቈጣሁ፤ ኋላ ግን ቈም ብዬ አሰብኩ። ጫማ ሰፊው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። በገዛ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሲመጣበት፥ ልጆቹም ወደዚያኛው ሲያዘነብሉ ሲያይ፥ የራሱ ሥራ የተናቀ መሰለው። ምናልባት በዋርካው አጠገብ ሲያልፉ ይሥቁ የነበሩትም እንዲሁ ፈርተው ይሆናል። ሣቅ ብዙ ጊዜ የፍርሃት መሸፈኛ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዓይነት ባልደረባ እንሂድ፤ ስሙም ሄርማን ክሩሲ ነው። ክሩሲ በ1775 በአፐንሰል ግዛት ጋይስ በምትባል መንደር ተወለደ። ወጣት ሳለ ፈትል ተሸክሞ በተራራ እየተሻገረ የሚሸጥ ድኻ ነበር። በ1793 አንድ ቀን ሸክሙን ይዞ ተራራውን ሲወጣ አንድ የመንደሩ ሹም አገኘውና፥ የመንደሩ አስተማሪነት ቦታ ባዶ መሆኑን ነግሮ ለምን አትፈተንም አለው። ያን ጊዜ ክሩሲ ዕድሜው እንደ እኔ 18 ዓመት ነበር። ፈተናውም ጸሎት መጻፍ ነበር። እርሱ በላቲን ፊደል ጽሑፍ ውስጥ አንዳንዱ ፊደል ትልቅ አንዳንዱ ትንሽ መሆኑን አይቷል፤ ምክንያቱን ግን ስለማያውቅ ጌጥ መስሎት ትልልቁን ፊደል ደስ ባለው ቦታ ጻፈ ይባላል። ሆኖም ተፎካካሪው ከእርሱ ያነሰ ነበርና አስተማሪ ሆነ። አለማወቁን ስላወቀ ከዚያ ቀን ጀምሮ መማር አላቆመም።

ጦርነቱና ረኀቡ ምሥራቁን የስዊስ ክፍል ባጠቃ ጊዜ፥ በ1800 መጀመሪያ ላይ ክሩሲ ከሃያ የሚበልጡ ድኻ ልጆችን በክረምት ብርድ መርቶ ወደ ቡርግዶርፍ አመጣ። በዚያም የቡርግዶርፍ ሰዎች ልጆቹን በየቤታቸው ተቀበሏቸው። ክሩሲን የጠራው ፊሸር የተባለ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ክሩሲ ልጆቹን ይዞ ሲቸገር ፔስታሎዚ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች እንዲያዋሕዱ አሰበ፤ ክሩሲም እሺ አለ። ይህ እሺታ በትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ። ክሩሲ የራሱን ተማሪዎች ይዞ ለብቻው አለቃ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን የሽማግሌውን እሳት አይቶ ማገዶ ለመሆን መረጠ።

ከዚያ በኋላ ክሩሲ ወዳጁን ቶብለርን ከባዝል አስጠራ። ቶብለርም ቡስ የሚባለውን ወጣት ጠቆመ፤ ቡስ መጽሐፍ ጠራዥ ሲሆን ሥዕልና ሙዚቃ ያውቅ ነበር። ሰዎች ስለ ፔስታሎዚ እብደት ብዙ ነግረውት ነበር። ሲደርስም ያገኘው አዛውንት ካልሲው ወደ ታች ተንሸራትቶ፥ አቧራ ለብሶ፥ ጠጕሩ ተንጨባርሮ ነበርና መጀመሪያ ደነገጠ። ነገር ግን ካነጋገረው በኋላ ቀረ። ጉዳዩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ፔስታሎዚ የእጅ ጽሕፈቱ መጥፎ፥ ሥዕል የማይችል፥ ዘፈን የማያውቅ፥ ሒሳብም እምብዛም የማይሆንለት ሰው ነበር። ታዲያ የእርሱ ሐሳብ ትምህርት የሚሆነው ቡስ ሲሥልለት፥ ክሩሲ ፊደሉንና ቁጥሩን ሲያደራጅለት፥ ቶብለርም የበኩሉን ሲያዋጣ ነበር። በ1800 ጥቅምት በቡርግዶርፍ ግንብ ውስጥ ትምህርት ቤቱ በይፋ ተከፈተ፤ በ1801ም ስለ ዘዴው የሚያስረዳው ታላቅ መጽሐፉ ታተመ። ዘዴውም ባጭሩ፥ ልጅ ቃልን በቃሉ ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን በዓይኑ እንዲያይ፥ በእጁ እንዲዳስስ፥ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ እንዲሄድ ነው። ዱላና ስድብ ሳይሆን ፍቅር የትምህርት መሠረት እንዲሆን ነው። የእኔም አስተማሪ ዳቦውን ሲቆርሱ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በ1804 ግንቡን መልቀቅ ስለ ተገደዱ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ተንከራተተና በ1805 በሐይቅ ዳር ባለችው በኢቨርዶን ከተማ ግንብ ውስጥ ተደላደለ። እዚያም ሃያ ዓመት ቆየ። በደኅናው ጊዜ አስተማሪዎቹ ከልጆቹ ጋር በአንድነት ይበሉና ይተኙ ነበር። ማታ ማታ ተሰብስበው ስለ ተማሪዎቹ ጠባይና ትምህርት ይመካከሩ ነበር። ልጆቹ ወደ ሸለቆ ወጥተው መሬቱን ካዩ በኋላ ከዚያው ያመጡትን ጭቃ ገበታ ላይ አድርገው ተራራውንና ወንዙን ይቀርጹ ነበር፤ ካርታ የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ከብዙ አገር እንግዶች መጡ። በኋላ መዋዕለ ሕፃናትን የመሠረተው ጀርመናዊው ፍሮበል ከ1808 እስከ 1810 እዚያ ተቀምጦ ተማረ። የፕሩሲያ መንግሥትም ወጣት አስተማሪዎቹን ልኮ አሠለጠነ።

ነገር ግን ግንቡ የፈረሰው ከውጭ በመጣ ጠላት አይደለም፤ ከውስጥ ነው። ፔስታሎዚን የሚወዱ ሁለት ብርቱ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ዮሐንስ ኒደረር ነው፤ ይህ ሰው በ1803 የቅስና ቦታውን ትቶ የመጣ፥ የፔስታሎዚን ሐሳብ በፍልስፍና ቋንቋ የሚያብራራ ጸሐፊ ነበር። ሁለተኛው ዮሴፍ ሽሚድ ነው፤ ከኦስትሪያ ተራራማ አገር ድኻ ተማሪ ሆኖ መጥቶ በሒሳብ አስተማሪነቱ ስመ ጥር የሆነ፥ ገንዘብና ሥርዓት አያያዝ የሚያውቅ ሰው ነበር። አንዱ ብዕር፥ ሌላው ቁጥር ነበራቸው፤ ትምህርት ቤቱም ሁለቱን ይፈልግ ነበር። እነርሱ ግን ከሽማግሌው አጠገብ ማን ይቀመጥ በሚለው ተጣሉ። ፔስታሎዚ ጥሉ እንዳሳዘነው ለማሳየት በ1808 የአዲስ ዓመት ቀን ባዶ የሬሣ ሣጥን አጠገቡ አስቀምጦ በመምህራኑና በተማሪዎቹ ፊት ንግግር አደረገ። ልቡ የተሰበረ ሰው መሆኑን ሁሉም አየ፤ ጠቡ ግን አልቆመም።

በ1809 መንግሥት መርማሪዎች እንዲልክ ተጠየቀ። ሽሚድ አይሆንም ብሎ ነበር፤ ኒደረር ግን ምስጋና እናገኛለን ብሎ ገፋበት። በ1810 የወጣው ሪፖርት ቀዝቃዛ ነበር። በዚያው ዓመት ሽሚድ ተቈጥቶ ሄደ። ሽሚድ ሲሄድ የገንዘቡ ነገር ተበላሸና በ1815 ራሳቸው ለምነው መለሱት። በዚያው ዓመት መጨረሻ አና ሞተች። ከዚያ በኋላ ፔስታሎዚ ሁሉን ለሽሚድ ተወ፤ ሽሚድም በሌሎቹ ላይ እጁን አከበደ። በ1816 ብዙ አስተማሪዎች ትተውት ሄዱ። በ1817 ኒደረርም ሄደ፤ ጉዳዩም ከዳኛ ፊት ደርሶ ለዓመታት ተከራከሩ።

ከእነዚያ ከሄዱት መካከል ክሩሲ አንዱ መሆኑን ሳነብ አዘንኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ያህል አብሮት የሠራ፥ ከሁሉ የቀደመ ባልደረባ ነበርና። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጥፋቱ የባልደረቦቹ ብቻ አይደለም። ፔስታሎዚ ልጆችን መውደድ ያውቅ ነበር፤ አዋቂዎችን ማስማማት ግን አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ የሚሠራውን ክሩሲን ሳያመሰግን ለሚጮኸው የሚያደላበት ጊዜ ነበረ። በመጨረሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ትምህርት ቤት ለማስተዳደር ችሎታ እንዳልነበረው ራሱም አልሸሸገም። እንግዲህ ድጋፍ የአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይችልም። ባለ እሳቱም ማገዶ የሚያቀብለውን ሰው ማየት አለበት።

በ1825 የኢቨርዶን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ፔስታሎዚ በ80 ዓመቱ ገደማ ወደ ኖይሆፍ፥ ሥራውን ወደ ጀመረበት ቤት ተመለሰ። በ1827 መጀመሪያ ላይ ከኒደረር ወገን የሆነ አንድ አስተማሪ እርሱን የሚዘልፍ መጽሐፍ አወጣ። ሽማግሌው መልስ ሊጽፍ ብሎ ታመመ። በየካቲት 17 ቀን 1827 በብሩግ ከተማ አረፈ። የተቀበረውም በቢር መንደር በትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው።

ክሩሲስ ምን ሆነ? ክሩሲ ቂም ይዞ አልተቀመጠም። የራሱን ትምህርት ቤት አቁሞ አስተማረ፤ በ1822 በትሮገን የግዛቱ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ፤ በ1833ም በትውልድ መንደሩ በጋይስ የመምህራን ማሠልጠኛ መራ። ትልቅና ትንሽ ፊደል መለየት ያቃተው ፈትል ተሸካሚ ልጅ አስተማሪዎችን አሠልጥኖ በ1844 ሞተ። ከፔስታሎዚ የተቀበለውን ለሌሎች አስተላለፈ። አንድ ሰው ሲደገፍ ሥራው ከግንቡ መፍረስ በኋላ እንኳ እንዴት እንደሚኖር ከዚህ ይታያል።

ውድ አንባብያን፤ አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። በሽታንስ ሃምሳው ሎሚ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ነበር። በቡርግዶርፍ ጥቂት ወጣቶች ተካፈሉትና ጌጥ ሆነ። በኢቨርዶን ግን ሎሚውን ማን ይይዛል ብለው ሲሻሙ ከእጃቸው ወደቀ።

እኔ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ስፈጽም አስተማሪ ለመሆን አስቤአለሁ። ፔስታሎዚ ልሆን አልችልም፤ ያ ዓይነቱ እሳት ለሁሉ አይሰጥም። ክሩሲን ግን መሆን እችላለሁ። ምናልባት በምመደብበት ትምህርት ቤት ከዋርካ ሥር ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያስተምር አንድ ባልደረባ አገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌሎች ሲሥቁ ቢሰማኝ፥ ዳቦ ገዝቼ ወደ ዋርካው እሄዳለሁ፤ ከልጆቹም ግማሹን እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። ለቀድሞው አስተማሪዬ የሚገባኝን ዕዳ የምከፍለው በዚህ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ ወደ ማስተማር ሥራ የምትገቡ ጓደኞቼም ይህን አትርሱብኝ እላለሁ።